ውክልና ከመስጂድ ነው እንጂ ከስልክ አይመጣም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም





ባለፈው ጁሙዓ ከሰላት በኋላ በደንዲ ወረዳ ካሉት መስጂዶች በአንዱ ግቢ ሁለት ነገር ጎን ለጎን አየን። በውዱእ ማድረጊያው በኩል ጠረጴዛ ወጥቶ ለመጅሊስ ምርጫ መራጮች ይመዘገቡ ነበር። መዝጋቢው ብዕሩን ይዞ ሰው ይጠብቃል። በአጥሩ በኩል ደግሞ ወጣቶቻችን በአንድ ስልክ ዙሪያ ተኮልኩለዋል። አንድ ዝነኛ አክቲቪስት በቀጥታ ስርጭት ሌላውን ዝነኛ አክቲቪስት ይሰድባል፤ እነሱ ይስቃሉ፣ ይናደዳሉ፣ ይከራከራሉ። የሐምሌ ዝናብ ሲጀምር ሁሉም ወደየቤቱ ሮጠ። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ስም በጣት የሚቆጠር ነበር።

የዛሬው ርእሰ አንቀጻችን ስለዚያ ጠረጴዛና ስለዚያ ስልክ ነው።

ወጣቶቻችንን ለመውቀስ ብቻ አልተነሳንም። የተሰላቹበት ምክንያት አላቸው፤ እኛም አብረን ተሰላችተናል። በመጀመሪያ ያሰለቸን ስለ ነጻነት አብዝቶ የሚያወራው ፖለቲካ ነው። በ2017 አክሱም ላይ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ሴት ልጆች ሒጃብ ለብሳችሁ አትገቡም ተብለው ከትምህርት ቤት ደጅ ቀሩ። በዚሁ ምክንያት 159 ተማሪዎች ለብሔራዊ ፈተና ሳይመዘገቡ መቅረታቸው ተዘገበ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ጥር 13 ቀን 2017 ደግሞ ሙስሊሞች መቀሌ ላይ አደባባይ ወጡ። ይህ የሆነው ሰሐቦች ከመካ ግፍ ሸሽተው ሲመጡ ንጉሥ ነጃሺ ባስጠለላቸው አገር ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። በአንቀጽ 27 ደግሞ ማንም ሰው እምነቱን በግልም ሆነ ከሌሎች ጋር የመግለጽ መብት አለው ይላል። ታዲያ አንዳንድ ባለሥልጣን አንቀጽ 11ን ሲያነብ ወደ 27 ገጹን መግለጥ ይረሳል። «ትምህርት ቤት ከሃይማኖት ነጻ ነው» ሲል ተማሪዋም ከሃይማኖቷ ነጻ ሆና ትግባ ማለቱ ይሆናል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሃይማኖት የለውም፤ ትክክል ነው። በውስጡ የምትማረው ልጅ ግን ሃይማኖት አላት።

ይህ አስተሳሰብ እዚህ የበቀለ አይደለም። ፈረንሳይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ባወጣችው ሕግ ሒጃብን ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከለከለች፤ በ2023 ደግሞ አባያን ጨመረች። ሴት ልጅ ስለ አለባበሷ የምትወስነው ራሷ ናት እየተባለ ለዓለም በሚሰበክበት ዘመን፣ እሸፈናለሁ ብላ የወሰነችው ልጅ ውሳኔዋ አይቆጠርላትም። ለመግለጥ የሚሠራ፣ ለመሸፈን ሲሆን የማይሠራ ነጻነት ሚዛኑ የተዛባ ነው። በአገራችንም ስለ ሴቶች መብት በየመድረኩ ሲናገሩ ከምናያቸው ዝነኞች ብዙዎቹን የአክሱም ልጆች ደጅ ሲጠኑ አልሰማናቸውም። «ወግ አጥባቂ» ብለው ሲጠሩን እንደ ስድብ አንቆጥረውም። የምናጠብቀው የአላህን ትእዛዝ ነውና። የምንጠይቀው ለእነሱ የተሰፈረው መብት በዚያው ቁና ለእኛም ይሰፈር ብለን ነው።

ሁለተኛው ያሰለቸን የመሪዎች ነገር ነው። በ2004 ሕዝበ ሙስሊሙ ሦስት ጥያቄ አነሳ። የአሕባሽ አስተምህሮ በመንግሥት ክንድ አይጫንብን፤ የመጅሊስ መሪዎቻችንን በነጻነት በየመስጂዳችን እንምረጥ፤ አወሊያ በሕዝብ በሚታመን ቦርድ ይተዳደር። የተሰጠውን መልስ እናውቀዋለን። ኮሚቴዎቻችን ታሰሩ፤ በመስከረም 2005 ምርጫው በቀበሌ ተካሄደ፤ ሐምሌ 27 ቀን 2007 በጸረ ሽብር ሕጉ እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

ከዚያ ለውጡ መጣ። በ2010 የቀሩት ኮሚቴዎቻችን ከእስር ወጡ፤ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሁለቱን ወገኖች አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1207 መጅሊሱ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ሐቁን መካድ አይገባም፤ በዚያን ጊዜ ተደስተናል፣ ዱዓም አድርገናል። ግን ደስታችን ልክ አጣ። በአንድ ሰው በጎ ፈቃድ የመጣ ነገር ሁሉ የተቋጨ መሰለን፤ መዝገብ መያዝ፣ ጥያቄን በጽሑፍ ማቅረብ፣ በየወረዳው መደራጀት ተውን። በ2015 ሸገር ከተማ ላይ መስጂዶች «ሕገ ወጥ ግንባታ» ተብለው ከድሆች ቤቶች ጋር ሲፈርሱ በድንጋጤ ነቃን። ግንቦት 18 እና ግንቦት 25፣ በሁለት ተከታታይ ጁሙዓዎች፣ በአንዋር መስጂድ ድምፃቸውን ካሰሙ ወገኖቻችን መካከል ሕይወታቸው ያለፈ አሉ። አላህ ይማራቸው። ከጊንጪ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚሄድ ሁሉ በቡራዩ ያልፋል፤ ቡራዩም ከሸገር አንዱ ክፍል ነው። የሆነው ሩቅ አገር አይደለም።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነው። ስጦታ የሰጪው ነው፤ ሲፈልግ ይነሳል። መብት ግን በሕግ የሰፈረና ባለቤት የቆመለት ነው። ባለቤቱ ካልቆመለት ሕጉም ወረቀት ሆኖ ይቀራል። አባቶች ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ያሉት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ጣታችን ወደ ራሳችን ይዞራል። ፖለቲከኛው ሲያሳዝነን፣ መሪው ሲያሰለቸን፣ ወደ ዝነኛው ዞርን። ተከታዩ ብዙ ስለሆነ እውቀቱም ብዙ መሰለን። ድምፁ ስለጎላ ወኪላችን መሰለን።

የ2004 ኮሚቴዎች ማን ነበሩ? በሕዝብ ፊት የተመረጡ፣ የውክልና ፊርማ የተሰበሰበላቸው፣ የሄዱበትን ውለው ያደሩበትን ለጀመዓው ተመልሰው የሚናገሩ ሰዎች ነበሩ። ሲያጠፉ የሚጠይቃቸው፣ ሲታሰሩ የሚጠይቃቸውም ነበራቸው። «ስልክ ያኔም ነበረ፤ እንቅስቃሴውን የመራው የፌስቡክ ገጽ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ግን ያ ገጽ የሰው ፎቶ አልነበረበትም። የባለቤቱን ስም የሚያውቅ አልነበረም። ጥሪው ይወጣል፤ ሥራው ግን በየመስጂዱ ይሠራል። ቢጫ ካርዱን ያነሳው፣ አፉን ሸፍኖ በዝምታ የቆመው ጀመዓው ነበር። ስልኩ አገልጋይ ነበር። ዛሬ ጌታ ሆኗል።

ደግሞ እኛ የደንዲ ሰዎች ይህንን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብን። ኅዳር 2008 በጊንጪ ስለ ኳስ ሜዳና ስለ ጭልሞ ደን የተነሱት ተማሪዎች ነበሩ። አገሪቱን ያንቀሳቀሰው ተቃውሞ ከዚህች ከተማ ጀመረ። የእነዚያን ተማሪዎች ስም ዛሬ ስንቶቻችን እናስታውሳለን? በስማቸው ታዋቂ የሆኑትን ግን ሁሉም ያውቃል። ከታዋቂዎቹ ወንበር ያገኘ አለ፣ ታስሮ የተፈታ አለ፣ ባህር ማዶ የቀረ አለ። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ግን ዛሬም እዚሁ ሥራ እየፈለጉ ነው።

ዝነኛ ሁሉ አንድ ነው ማለታችን አይደለም። በዘፈን ላይ ያለን አቋም የታወቀ ነው። ቢሆንም ሐቅ ሐቅ ነው፦ የአምቦው ሃጫሉ ሁንዴሳ ገና በ17 ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት በአምቦ እስር ቤት አሳልፏል፤ በኋላም ሰኔ 22 ቀን 2012 ተገድሏል። የተናገረውን የተናገረው መዘዙ በሚደርስበት አገር ተቀምጦ ነው። ሚዛኑ ይኸው ነው፦ ሰውየው ለተናገረው ነገር ዋጋ የሚከፍለው ራሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው ነው? ባህር ማዶ ተቀምጦ «ውጡ!» የሚል፣ ሲወጡ የሚቀርጽ፣ ሲወድቁ በእንባቸው ተመልካች የሚሰበስብ ሰው ዋጋውን እኛ ላይ ጥሎ ትርፉን ይዞ ይሄዳል።

በዲናችን ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሹመትን ለራሱ የለመነን ሰው አይሾሙም ነበር። በቂያማ ቀን መጀመሪያ ከሚጠየቁት ውስጥ ዓሊም፣ ሙጃሂድና ለጋስ እንዳሉ፣ ሥራቸው ይዩልኝ ይስሙልኝ ስለነበር እንደሚከስሩ ነግረውናል። በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ይዞ ለመጣ ሰው ሳናጣራ እንዳንነሳ ታዘናል። ይህን ትእዛዝ ሰሞኑን በስልካችን ላይ ምን ያህል ጠበቅነው?

አሁን ወደ ራሳችን ግቢ እንመለስ። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ያለን ሙስሊሞች ቁጥራችን ብዙ አይደለም። ስለዚህ ጉዳያችን በሰልፍ ብዛት አይፈታም፤ በማስረጃና በትክክለኛ ወኪል ነው የሚፈታው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በመድረሳ ልጆች የሚያስቀራ ሰው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቀብር ቦታ ጉዳይ ከሽማግሌዎች ጋር ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ሠራተኛው ፋይሉን ከፍቶ ሦስት ደብዳቤ አሳየን። ሦስቱም ከእኛው የወጡ ናቸው። ሦስቱም የተለያየ ቦታ ይጠይቃሉ። ሦስቱም «የሙስሊሙ ተወካይ» ብለው የተለያየ ሰው ፈርሞባቸዋል። «አባቶቼ፣ የትኛውን ልስማ?» አለን። ተናደድን፤ ስንወጣ በመንገድ ላይ ስሙን አጠፋነው። በማግስቱ ግን አንድ ሸይኻችን «ልጁ ምን አጠፋ? እኛ ነን አንድ አፍ ያጣን» አሉ። ፋይሉ እስካሁን አልተዘጋም። ክረምት በመጣ ቁጥር ጀናዛ ተሸክመን በጭቃ ረጅም መንገድ የምንሄደው ለዚህ ነው። ስለዚያ ፋይል የሚያውቅ አንድም ዝነኛ አክቲቪስት የለም፤ እንዲያውቅም አንጠብቅም።

እንግዲህ የነሐሴ 2017 የመጅሊስ ምርጫ በየመስጂዱ ነው። በ2004 የጠየቅነው፣ ኮሚቴዎቻችን የታሰሩበት ጥያቄ ይህ ነበር። በ13 ዓመቱ ጠረጴዛው መስጂዳችን ግቢ ድረስ መጣ። «ውጤቱ አስቀድሞ ተሰፍሯል፣ ምን ያደርግልናል?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ስጋታቸውን አንንቅም፤ ስንት ጊዜ ተታለናል። ነገር ግን ተመዝግቦ፣ ተገኝቶ፣ ቆጠራውን ቆሞ ያየ ሰው ሲበደል የሚናገረው በማስረጃ ነው። ቤቱ የተቀመጠ ሰው አቤቱታ ሐሜት ሆኖ ይቀራል። ባዶ መዝገብ ደግሞ ለማጭበርበር የሚመች እንጂ የሚያስቸግር አይደለም።

ስለዚህ ጀመዓችንን የምንጠይቀው ይህንን ነው።

አንደኛ፣ ያልተመዘገበ ይመዝገብ። እናቶችና እህቶችም ይመዝገቡ፤ የሒጃብ ጉዳይ ሲመጣ ደጅ የምትቆመው ልጃቸው ናት።

ሁለተኛ፣ እጩ ሆኖ የሚቀርብን ሰው በጀመዓው ፊት እንጠይቀው፦ የመስጂዳችንና የቀብር ቦታችን የይዞታ ማስረጃ የት እንደደረሰ ታውቃለህ? የመድረሳ አስተማሪ ደመወዝ ከየት እንዲመጣ አስበሃል? የመጅሊሱን ገቢና ወጪ በየስንት ጊዜ ታነብልናለህ? ባለሥልጣን ሲጠራህ ሄደህ የተባልከውን ተመልሰህ ትነግረናለህ? በስንት ሰው እንደሚታወቅ አንጠይቀው፤ ይህ መልስ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ከምርጫው በኋላ ወደየቤታችን አንበተን። የመረጥነውን ሰው ብቻውን ከተውነው ወይ ይፈራል ወይ ይገዛል።

አራተኛ፣ ከጎረቤቶቻችን ጋር ያለንን ሰላም እንጠብቅ። በአንድ እድር አብረውን ያሉ፣ ለቀስተኛ ሆነው የሚደርሱልን ክርስቲያን ወገኖቻችን የስልክ ስድብ ባለዕዳ አይደሉም። ከሩቅ ሆኖ በመካከላችን እሳት የሚጭር ቢኖር፣ ቤቱ እዚህ እንዳልሆነ እናስታውስ።

በመጨረሻም ለወጣቶቻችን። ንዴታችሁ የእኛም ንዴት ነው፤ ግን በአንድ ስልክ ዙሪያ አትጨርሱት። በሚቀጥለው ጁሙዓ ከሰላት በኋላ ጠረጴዛው እዚያው ውዱእ ማድረጊያው ጋ ይኖራል። መዝጋቢው ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ስም የሚጽፍላቸው ጎልማሳ ይፈልጋሉ። ከእናንተ አንዱ ሄዶ ብዕሩን ይቀበላቸው።

አላህ አማናን የሚጠብቁ መሪዎችን ይስጠን፤ የሞቱትን ይማር፤ የአክሱም እህቶቻችንንና የተበደሉትን ሁሉ ይርዳ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።