ኪራዩን የሚቆርጠው ማን ነው?

ሱቅ ወይም መጋዘን ለሃያ ዓመት የሚከራይ ነጋዴ የሃያኛውን ዓመት ዋጋ ዛሬ ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር በረጅም የንግድ ቤት ውል ውስጥ፥ ኪራዩ በየአምስት ዓመቱ በገበያው ዋጋ እንዲታይ፥ ተዋዋዮቹም ባይስማሙ ለማንኛቸውም የማያዳላ ገማች እንዲቆርጠው የሚል አንቀጽ ማግባት የቆየ ልማድ ነው። (ለብዙ ዘመን በተለመደው ውል ኪራዩ ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም፤ ተከራዩ ሲፈርም እጁ ቢንቀጠቀጥ አይፈረድበትም።) ታዲያ ገማቹ ዋጋውን ከተናገረ በኋላ፥ ተጎዳሁ የሚለው ወገን ፍርድ ቤት ሄዶ ሊያስለውጠው ይችላልን?

አብዛኛውን ጊዜ አይችልም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1976 በታተመ አንድ የለንደን ይግባኝ ፍርድ፥ ተከራይዋ ቀሪውን የኪራይ ዘመን ለባለቤቲቱ ልትመልስ፥ ባለቤቲቱም ሁለቱ በመረጡት ገማች ግምት ልትከፍላት ተስማምተው ነበር። ገማቹ 10,000 ፓውንድ አለ። ባለቤቲቱ ደንግጣ ሌሎችን ብታስገምት አንደኛው 3,500፥ ሌላው 1,250 አሉ። ሎርድ ዴኒንግና ባልደረቦቻቸው ግን፥ ማታለል ወይም መመሳጠር እስካልተገኘ ድረስ የመጀመሪያው ግምት ይጸናል ብለው ፈረዱ። ነገሩ የመኖሪያ ቤት ቢሆንም ደንቡ ለንግድ ቤት ኪራይም ያው ነው።

ዳኛ የሚገባበት በር ጠባብ ነው። ገማቹ ከታዘዘው የወጣ እንደሆነ፥ ለምሳሌ የዚህን ሱቅ ኪራይ ገምት ተብሎ የጎረቤቱን የገመተ እንደሆነ፥ ግምቱ አይጸናም። በቸልታ የተሳሳተ እንደሆነ ደግሞ ካሣ ይጠየቃል፤ ነገር ግን ካሣው ከገማቹ ኪስ ይወጣል እንጂ ኪራዩ አይለወጥም። ውሉ ሰውየውን የግልግል ዳኛ ብሎ የሾመው እንደሆነ ግን ሌላ ነው፤ የግልግል ዳኛ የሁለቱን ወገን ማስረጃ ሰምቶ ይፈርዳልና፥ በ1996ቱ የእንግሊዝ የግልግል ሕግ መሠረት፥ ተዋዋዮቹ ካላስቀሩትና ፍርድ ቤቱ ከፈቀደ በሕግ ነጥብ ይግባኝ ይባልበታል።

ገማች ጭራሹን ሳይሾም ቢቀርስ? በግሎስተር ከተማ የፋብሪካ ቦታ የተከራዩ ሰዎች፥ እያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ገማች መርጦ በሚቆረጠው ዋጋ ቦታውን የመግዛት መብት በውላቸው ነበራቸው። ባለቤቶቹ ገማች አንመርጥም ብለው እምቢ አሉ። የቀድሞ ዳኞች በእንዲህ ያለ ጊዜ፥ ፍርድ ቤት ለሰዎች ውል አይዋዋልላቸውም እያሉ ጉዳዩን ይመልሱት ነበር፤ ስለዚህ እምቢተኛው ባለመሥራቱ ይጠቀም ነበር ማለት ነው። በዚያ ዘመን የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት ግን በ1982 በድምፅ ብልጫ ይህን ሻረው። ተዋዋዮቹ የተስማሙበት ተገቢ ዋጋ ነው፤ የገማቾቹ ሹመት መንገዱ ብቻ ነው፤ መንገዱ ቢዘጋ ዋጋውን ፍርድ ቤቱ ራሱ ያገኘዋል አለ። ተዋዋዮቹ የአንድን የታወቀ ሰው የግል ዕውቀት ፈልገው ከሆነ ግን ፍርድ ቤት በእርሱ ስፍራ አይተካም።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2271 ስለ ሽያጭ ሲናገር ሌላ መንገድ ይዟል፤ ዋጋውን እንዲወስን የተመረጠው ሦስተኛ ሰው እምቢ ቢል ወይም ባይችል ሽያጩ የለም ይላል። እንዲህ ባለው ደንብ ሥር ውል የሚያረቅቅ ሹም፥ ገማቹ ቢጠፋ ማን ሌላ እንደሚሾም አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል። በእንግሊዝ ውሎች ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለቻርተርድ ሰርቬየሮች ንጉሣዊ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነው፤ ከሁለቱ ወገን አንዱ ብቻ ቢያመለክትም ገማች ይሾማሉ።