ዕለቱ ያልታወቀ ልደት

አንባቢ ሆይ! ምናልባት ነገ ጽሕፈት ቤት ተቀምጠህ የሰው ዕድሜ የምትመዘግብ፥ ወይም ለመዝገቡ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የምታዘጋጅ ትሆናለህ። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ጎዶሎ ሆኖ ስለሚመጣ የልደት ቀን ነው።

በሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባለው የይፋት ቆላ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፥ አማራውና አርጎባው ጎን ለጎን ይኖራል። «እናቴ፥ ልጅዎ መቼ ተወለደች?» ብለህ ብትጠይቅ፥ አንዷ «በሐምሌ ሚካኤል፥ በዘመነ ሉቃስ» ትልሃለች። ሌላዋ «በ1999 ዓ.ም. በረመዳን ጾም» ትላለች። ሦስተኛዋ ግን «በ1999» ብላ ዝም ትላለች። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገራችን ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፥ ከዚያ በፊት የተወለደው ብዙ ሰው ልደቱ የሚገኘው ከእናቱ ቃል ነው።

ከሦስቱ መልሶች የተሟላው የትኛው ይመስልሃል? ሐምሌ ሚካኤል ሐምሌ 12 ነው፤ ወሩም ዕለቱም ታወቀ። ዘመነ ሉቃስ በየ4 ዓመቱ ስለሚመላለስ፥ ዓመቱ 1995፥ 1999 ወይም 2003 ሊሆን ይችላል፤ የታላቅና የታናሿን ዕድሜ ብትጠይቅ ይለይልሃል። የ1999 ረመዳንም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ገደማ ስለዋለ፥ ጥርጣሬው የአንድ ወር ብቻ ነው። በቁጥር የተጻፈውና ንጹሕ የሚመስለው «1999» ግን ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን 6፥ 366 ቀን ሙሉ ክፍት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ይህ ክፍት ቦታ ከኮምፒዩተር ፊት ሲቀርብ ነው። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፥ ቀን የሚያነበው ትእዛዝ ዓመት ብቻ ሲሰጠው ወሩንና ዕለቱን ጃንዋሪ 1 ብሎ ይሞላዋል። ዴትዩቲል የተባለው መሣሪያ ደግሞ የጎደለውን ከዛሬው ቀን ይበደራል፤ ስለዚህ ያው አንድ ጽሑፍ ዛሬና ከሳምንት በኋላ ሲነበብ ሁለት ልደት ይወጣዋል።

አሁን በሐምሌ 12 ቀን 1999 ዓ.ም. የተወለደች፥ ወረቀቷ ግን «1999» ብቻ የሚል ልጅ አለች እንበል። አንድ ችኩል ጸሐፊ 7 ደምሮ 2006 እ.ኤ.አ. ይላል፤ ማሽኑም ጃንዋሪ 1 ይጨምርበታል። ይህ ዕለት በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1998 ስለሆነ፥ እናቲቱ ከተናገረችው ዓመት ጨርሶ የወጣ ነው! በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መዝገቡ «18 ዓመቷ ነው» ሲል ልጅቱ ገና 16 ዓመት ከ5 ወሯ ነበር። የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑን ስታስብ፥ የማሽኑ ፈጠራ ሕግ ሊጠብቃት የሚገባውን ልጅ አሳልፎ እንደሚሰጥ ትረዳለህ። እንደዚሁም አንዱ ሠራተኛ 60 ዓመት ሳይሞላው በጡረታ ይሰናበታል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? አንደኛ፥ ለዓመት፥ ለወርና ለዕለት የተለያየ ሣጥን አብጅ፤ ያልታወቀው ባዶ ይቀመጥ። ሁለተኛ፥ የዘመን አቆጣጠሩን ስምና ባለጉዳዩ የተናገረውን ቃል እንዳለ ጻፍ፤ «ሐምሌ ሚካኤል» ያለችውን ቁጥር ብቻ አድርገህ አታስቀርባት። ሦስተኛ፥ ዘመን ስትለውጥ አንድ ቀን ሳይሆን ሁለት ወሰን አውጣ፤ 1999 ዓ.ም. ማለት ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2006 እስከ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ማለት ነው። አይሶ 8601 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃም በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው 2ኛ ክፍሉ፥ ባልታወቀው አኃዝ ቦታ ኤክስ የተባለውን ፊደል እንድናኖር ይፈቅዳል።

አለቃህ «ቅጹ ባዶ አይተው» ቢልህ፥ ባዶው ቦታ ራሱ መልስ መሆኑን በትሕትና አስረዳ። ባዶውን ቦታ ነገ አንድ የክርስትና ምስክር ወይም አንዲት አክስት ሊሞሉት ይችላሉ፤ በሐሰት የተሞላውን ግን ማንም ተመልሶ አይጠይቀውም።