አሸዋ ውስጥ የተደበቀው እረኛ

ዓባይ ሞልቶ ከዳር እስከ ዳር ተንጣሏል። ወንበዴው ሙሴ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፣ ልብሱን አናቱ ላይ አስሮ ይዋኛል። የሚያሳድደው አንድ እረኛ ነው፤ ከውሾቹ ጋር ሆኖ የአንድ ሌሊት ዝርፊያ አሰናክሎበታል። እረኛው ገና ከሩቅ ሲያየው አሸዋ ቆፍሮ ተቀበረና ተረፈ። ሙሴም ከመንጋው የሰቡ አራት አውራ በጎች መርጦ አረደ፤ በገመድ አስሮ እየጎተተ ያንኑ ወንዝ ተሻገረ።

ይህን በ420 እ.ኤ.አ. ገደማ የጻፈው ጰላድዮስ፣ ወንበዴው መነኩሴ ወደሆነበት ቀን ሲደርስ ግን አንድ ነገር ገጥሞት ተጸጸተ ከማለት አያልፍም። ስለ ሙሴ ጸሊም መለወጥ ታሪካዊ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ብዕሩን የሚያነሳው እዚህ ዝምታ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ልብ ወለድ የማይወዱ ሰዎች ስጋት ይገባኛል። ሙሴ በየዓመቱ ሰኔ 24 የሚታሰብ፣ ምእመናን ስሙን ጠርተው የሚማጸኑት ጻድቅ ነው። ደራሲ በአፉ ያኖረው ቃል ትንሽ ቆይቶ «ቅዱሱ እንዲህ ብለዋል» ተብሎ ሲነገር ማን ይመልሰዋል? እኛን ደስ ለማሰኘት የአክሱም ልጅ ማድረግም ይቀላል። ነገር ግን በዘመኑ ግሪክኛ «ኢትዮጵያዊ» ማለት ከግብፅ በስተደቡብ ላለ ጥቁር ሰው ሁሉ የሚሰጥ ስም ነበር።

በሌላ በኩል ትውፊቱም ዝም አላለም። ስንክሳሩ ሙሴ ፀሐይን ያመልክ እንደነበር፣ እውነተኛውን አምላክ ሲፈልግ ወደ ገዳመ አስቄጥስ፣ ወደ አባ ኤስድሮስ እንደመጣ ይተርካል። እርግጥ ስንክሳር በጸሎት መካከል የሚነበብ የምእመናን ሁሉ መጽሐፍ ነው፤ ልብ ወለድ የአንድ ሰው ነው።

እኔን ወደ ደራሲው ያደላኝ ግን ሌላ ታሪክ ነው። አረጋውያኑ አባ ሙሴን ሊፈትኗቸው ፈልገው፣ ይህ ጥቁር በመካከላችን ምን ያደርጋል ብለው በጉባኤ አቃለሏቸው። እሳቸው ዝም አሉ። ኋላ ሲጠየቁ ልባቸው እንደታወከ፣ ግን እንዳልተናገሩ ገለጹ። የአበው ዜና ይህን በጥቂት መስመር ያልፈዋል። ጎበዝ ደራሲ ግን ያን የታወከ ልብ ይዞ ሃያ ገጽ ሊቀመጥ ይችላል፤ አንባቢውም ቁስሉ ይሰማዋል።

የመለወጡን ቅጽበት ግን ባይነካው እመርጣለሁ። በሴት ፍቅር ወይም በአንድ ግድያ ጸጸት ከተፈታ፣ የእግዚአብሔር ጸጋ የነበረው ተራ ምክንያት ይሆናል። ይልቅ ማንም ስሙን ያልጻፈለትን እረኛ ይከተል። እሱን ማናገር በቅዱሱ አፍ ቃል አያኖርም። ከዓመታት በኋላ ያ ወንበዴ ካህን ሆነ ሲሉት ምን ብሎ ይሆን? በዚያች ቀን ከአሸዋው ወጥቶ፣ ዓይኑን እየጠረገ መንጋውን ቆጥሯል፤ አራት ጎድለውበታል።