ኤሌክትሮኒክ ቆዳና የቆዳችን ቀለም

ከቀኑ በፊት ተወልዶ በማሞቂያ ውስጥ በሚተኛ ሕፃን ደረትና እግር ላይ፣ የልቡን ትርታና የትንፋሹን ልክ ለመከታተል ሲባል የሚለጠፈው ፕላስተር በሚነሣበት ጊዜ ገና ያልጠናውን ቆዳ ልጦ እስከ ማንሣት እንደሚደርስ፣ እናቲቱም ልጇን ለመታቀፍ በወደደች ጊዜ ከመቆጣጠሪያው መሣሪያ ጋር ያቈራኘውን ገመድ ነርሷ እስክታስተካክልላት ለመጠበቅ እንደምትገደድ፣ የጨቅላ ሕፃናትን ጽኑ ሕክምና ክፍል የጐበኘ ሁሉ ያውቀዋል።

ተመራማሪው ጆን ሮጀርስና ባልደረቦቹ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ2011 ለዓለም ሊቃውንት የገለጹት፣ በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ኤሌክትሮኒክ ቆዳ ይህን መከራ የሚያቀል ጥበብ ነው ብል አላጋነንሁም፤ በጠባዩ ግትር የሆነውን ሲሊኮን እጅግ አቅጥነው፣ የሽቦውንም መሥመር እንደ እባብ አካሄድ እያጠማዘዙ በለስላሳ ላስቲክ ላይ ስላሰፈሩት፣ ቆዳ በተሳበ ጊዜ ጥምዝምዙ ይፈታል እንጂ አይበጠስም። በ2019 ገመድም ባትሪም የሌላቸው ሁለት ስስ ልጥፎች፣ አንዱ በደረት ሌላው በእግር እያረፉ፣ በቺካጎ በጨቅላዎች ላይ ተፈትነዋል።

ከሥነ ፍጥረት መማር ከተነሣ ግን እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የሴኡል ጠቢባን በ2014 ከሸረሪት የቀሰሙት ትምህርት ነው። ሸረሪት በእግሯ መጋጠሚያ አጠገብ ባሉት ረቂቃን ስንጥቆች የድሯን ንዝረት ታውቃለችና፣ እነርሱም በተለማጭ ፖሊመር ላይ ስስ የፕላቲኒየም ልባስ አልብሰው፣ መሐንዲስ ሁሉ የሚሸሸውን ስንጥቅ ሆን ብለው አወጡበት፤ ስንጥቁ በጥቂቱ ሲከፈትና ሲገጥም የኤሌክትሪኩ መተላለፍ እየተለዋወጠ የእጅ አንጓን የደም ትርታ ለማንበብ አስቻለ።

ሆኖም ቆዳን ለመምሰል ይህን ያህል የደከመ ጥበብ፣ ቆዳ ሁሉ አንድ ቀለም እንዳልሆነ ሊዘነጋ አይገባውም። የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ለሚለካው ልጥፍ የቆዳ ቀለም ይህን ያህል ችግር አይሆንበትም፤ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ግን ቀይና ከቀይ በታች ያለ ብርሃን በሥጋ ውስጥ አሳልፎ ስለሆነ፣ ለቆዳ ቀለሙን የሚሰጠው ሜላኒን ከዚያ ብርሃን የሚውጠው በልኬቱ ላይ ስሕተት ሊያመጣ ይችላል። ኦክስጅንን በዚህ መንገድ የሚለካው፣ በጣት ላይ የሚቆነጠጠው ፐልስ ኦክሲሜትር ለብዙ ዓመታት ሲታመን ኖሮ፣ በ2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች መዝገብ ሲመረምሩ፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ብሎ ደኅንነትን ሲናገር፣ ከደም ቧንቧ የተቀዳው ደም ግን ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው በነጮች ዘንድ ከ100 ልኬት በ3.6ቱ ሲሆን በጥቁሮች ዘንድ በ11.7ቱ ነበረ። በዚያው ብርሃን የሚሠራ አዲስ ልጥፍ ምንም ያህል ቢለሰልስ፣ ይህንኑ ጉድለት እንዳልወረሰ በፈተና ሳይረጋገጥ በሞግዚትነት ሊሾም አይገባም።

ስለዚህ ለሆስፒታሎቻችን መሣሪያ የምትገዙ፣ ይልቁንም በስጦታ የምትቀበሉ ሹማምንት ሆይ፣ ልጥፉ በጥቁር ቆዳ ላይ ከደም ምርመራ ጋር እየተነጻጸረ የተፈተነበትን ሰነድ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሰነዱም ከሌለ የልቡን ልኬት ተቀብላችሁ የኦክስጅኑን መልሱ።