የራስን ደመወዝ በራስ መወሰን፦ ከኬንያ ፓርላማ የሚታየው

የሕዝብ እንደራሴዎች የሀገርን በጀት ያጸድቃሉ፤ የራሳቸው ደመወዝም የሚከፈለው ከዚያው በጀት ነው። ታዲያ ልኩን ማን ይወስን? ጎረቤት ኬንያ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 230 ነጻ የደመወዝ ኮሚሽን አቋቁሞ የፓርላማ አባላትን ጨምሮ የመንግሥት ሹማምንትን ክፍያ እንዲወስን ሥልጣን ሰጠው።

ፈተናው ብዙ አልዘገየም። ኮሚሽኑ የአባላቱን ወርሃዊ ደመወዝ ከ851 ሺህ ወደ 532 ሺህ 500 ሽልንግ ዝቅ አደረገ። በ2013 የተመረጡት እንደራሴዎች ሥራ በጀመሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ውሳኔው እንዲሻር ድምፅ ሰጡ። በግንቦት ወር ተቃዋሚዎች ናይሮቢ በሚገኘው ምክር ቤት ደጃፍ ደም አፍስሰው አሳማዎችን ለቀቁ። መልእክቱ አስተርጓሚ የሚያሻው አልነበረም።

ነገሩ በስምምነት አለቀ፤ ትኩረት የሚሻውም ይኸው ስምምነት ነው። ደመወዙ ኮሚሽኑ በወሰነው ልክ ጸና፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ አባል የመኪና መግዣ 5 ሚሊዮን ሽልንግ ተፈቀደ። በዋናው በር የወጣው ገንዘብ በጓሮ በር ተመለሰ። ከዓመታት በኋላም የፓርላማው አስተዳደር ራሱ ለአባላቱ በወር 250 ሺህ ሽልንግ የቤት አበል መክፈል ጀመረ። በታኅሣሥ 2020 የሀገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክፍያውን ሕገ ወጥ ብሎ ገንዘቡ እንዲመለስ አዘዘ። ክርክሩ ከደመወዝ ይልቅ በአበል ላይ መሆኑ የታየው ያኔ ነው። አበልን፣ መኪናንና ቤትን ጠቅልሎ የማይዝ ማሻሻያ የክፍያውን ስም ከመለወጥ አያልፍም።

እንደራሴዎቹም መከራከሪያ አላቸው። መራጩ ለቀብር፣ ለትምህርት ቤት ክፍያና ለሐራምቤ መዋጮ ደጃቸውን ይጠናል። ይህ እውነት ነው፤ ሆኖም ወጪው ከሕዝብ አገልግሎት ይልቅ ለምርጫ ቅስቀሳ የቀረበ በመሆኑ ለደመወዝ ጭማሪ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ሌላው መፍትሔ ጊዜን ይመለከታል። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት 27ኛው ማሻሻያ መሠረት ምክር ቤቱ የሚወስነው የክፍያ ለውጥ ቀጣዩ ምርጫ ሳይካሄድ ተፈጻሚ አይሆንም። በ1789 የቀረበው ይህ ማሻሻያ የጸደቀው በ1992 ነው፤ ከ200 ዓመታት በላይ መጠበቁ የጉዳዩን ክብደት ይናገራል።

በኢትዮጵያ ከኃላፊነት የሚነሱ የምክር ቤት አባላት የሚያገኙት ጥቅም በአዋጅ ቁጥር 653/2001 ተደንግጓል፤ አዋጁን ያወጣውም ምክር ቤቱ ራሱ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል የሆነ ገበሬ ግን ሌላ ሥርዓት ያውቃል፤ የሥራ አመራር ኮሚቴው ለጠቅላላ ጉባኤው ተጠሪ ነው፣ የወጪውንም ሒሳብ በአባላቱ ፊት ያቀርባል።

ነጻ ኮሚሽን መኖሩም ቁጣን አያስቀርም። በሐምሌ 2024 በግብር ሕጉ የተነሣሣው የኬንያ ወጣቶች ተቃውሞ ሳይበርድ የባለሥልጣናት ደመወዝ ሊጨመር መሆኑ ተሰማ። ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አሳሰቡ፤ ጭማሪውም ቆመ። ያን ጭማሪ የወሰነው ያው የደመወዝ ኮሚሽን ነበር።