ሸንተረር ነውር ሲሆን

«ተራራና ሸንተረሩ» ሲባል የሰሜን ጎንደር ሰው አንገቱን ቀና ያደርጋል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በዚያው ገደልና ሸንተረር ውበት ጭምር ነው። ይኸው ቃል ግን ሌላም ማደሪያ አለው። በእርግዝና የተወጠረ የእናት ሆድ ላይ የሚቀረውን መስመር አማርኛችን ሸንተረር ይለዋል። የመሬቱ ሸንተረር ይዘፈንለታል፤ የእናት ሸንተረር ግን ይሸፈናል፣ ይታፈርበታል፣ ደግሞም ይነገድበታል።

ጎንደር ፒያሳ ወርዶ የመዋቢያ ዕቃ መደብሮችን የጎበኘ ሰው ንግዱን ያውቀዋል። ቅባቱ በየዓይነቱ ተደርድሯል፤ ተስፋውም እንደ ዋጋው ይለያያል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አንድ ነው፦ የሚሸጠው ቅባት ነው ወይስ እፍረት?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ቆዳችንን አጽንተው የሚይዙት ኮላጅንና ኢላስቲን የተባሉ ክሮች ናቸው። ሰውነት በፍጥነት ሲሰፋ ክሮቹ ይበጠሳሉ፤ ሆርሞንና የቤተሰብ ዘርም ያግዛሉ። ሸንተረር የሚያወጡት እርጉዞች ብቻም አይደሉም፤ ቁመት የሚጥሉ ጎረምሶች፣ ክብደት የሚጨምሩ ሰዎችና ጡንቻ የሚያዳብሩ ወንዶችም ጭምር ናቸው። መስመሩ መጀመሪያ ይቀላል ወይም ይጠቁራል፤ በወራትና በዓመታት ውስጥ ይደበዝዛል። ከውስጥ የተበጠሰውን ክር ከላይ የሚቀባ ቅባት መልሶ አይቋጥረውም። እ.ኤ.አ. በ2012 ኮክሬን የተባለው የሕክምና መረጃ መርማሪ ተቋም በ800 ሴቶች ላይ የተደረጉ 6 ጥናቶችን አገናዝቦ፣ በእርግዝና ጊዜ የሚቀባ ማናቸውም ነገር ሸንተረርን ለመከላከሉ በቂ ማስረጃ አላገኘም። ቅቤውም የወይራ ዘይቱም ድርቀትንና ማሳከክን ያስታግሳሉ፤ ይህ ራሱ ጥቅም ነው። ከዚያ በላይ ግን አይጠየቁ።

ሴሉላይት ደግሞ እንግዳ ነው፤ ስሙም የመጣው ከውጭ ነው። በፈረንሳይ ሲነገር የቆየውን ቃል የአሜሪካው ቮግ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1968 ለብዙኃኑ አስተዋወቀ። ጭንና ዳሌ ላይ የብርቱካን ልጣጭ የሚመስለው ይህ የቆዳ መሰርጎድ ለአቅመ ሔዋን ከደረሱ ከአሥር ሴቶች በስምንቱ ወይም በዘጠኙ ላይ ይገኛል። ከአሥር ዘጠኙ የሚጋሩት ነገር በሽታ ሊባል እንዴት ይቻላል? እናቶቻችን ያለ ስም ይዘውት ኖሩ፤ ስም ሲወጣለት ግን መድኃኒት ነኝ ባይ ተከተለው።

የገንዘቡ ብክነት ባልከፋ ነበር። የሚከፋው ሌላ ነው። ቆዳን «ለማጥራት» ከሚሸጡት ቅባቶች መካከል እንደ ቤታሜታዞንና ክሎቤታዞል ያሉ ብርቱ መድኃኒቶች የተቀላቀሉባቸው አሉ። እነዚህ በሐኪም ትእዛዝ ለቆዳ ሕመም የሚሰጡ ናቸው። ያለ ልክ ለረጅም ጊዜ ከተቀቡ ቆዳውን ያሳሱታል፤ ራሳቸውም የማይለቅ ሸንተረር ያወጣሉ። ሸንተረር ልታጠፋ የገዛችው ሸንተረር ገዛች ማለት ነው። የምታጠባ እናት ደግሞ ጡቷ ላይ የተቀባው ወደ ሕፃኑ አፍ እንደሚገባ ታስብ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አበው።

ይህን ስል መዋብን መንቀፌ አይደለም። ሹሩባውም፣ ኩሉም፣ እንሶስላውም የኛው ናቸው። ሸንተረሯ እንዲደበዝዝላት የምትሻ ሴት በከንቱነት አትወቀስ። ግን እውነቱ ይነገራት። ትሬቲኖይን የተባለው ቅባት አዲስ ሸንተረርን በመጠኑ ያለዝባል፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይፈቀድም። ሌዘርና በጥቃቅን መርፌ የሚሰጠው ሕክምናም መልኩን ይቀንሳሉ እንጂ አያጠፉትም፤ ጠይም ቆዳን በማያውቅ እጅ ደግሞ ጥቁር ምልክት ሊተዉ ይችላሉ። ለሴሉላይት የአካል እንቅስቃሴ መጠነኛ እገዛ አለው። ስለዚህ ከመደብሩ በፊት የቆዳ ሐኪም ይቅደም።

አንድ ነገር ለእኛ ለቀረነው። አራስ ጥየቃ ገብተን ገንፎውን በልተን፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን ስንወጣ፣ «ሆድሽ ግን እንዲህ ሆኖ ቀረ?» የምንል አለን። ባልም «እንደ ድሮሽ አይደለሽም» ይላል። ነጋዴው እፍረቱን አልፈጠረውም፤ ከእኛ አፍ ተቀብሎ በብልቃጥ አሸገው እንጂ። ምላሳችንን ብንገታ ግማሹ ገበያ ያለ አዋጅ ይዘጋል። የቀረውን ግማሽ ደግሞ ቅባቱ በውስጡ ምን እንዳለው የሚጠይቅ ገዢና የሚቆጣጠር ባለሥልጣን ይዝጋው።