ተበላ፣ ግን ስንት?

«ከየት ነህ?» ለሚለኝ ሰው «ከተበላ» ስል ቀጥሎ የሚመጣውን ቀልድ አውቀዋለሁ። «ምን ተበላ?» የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ነው፣ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትሄድ መንገድህ ላይ ታገኘዋለህ እያልኩ አስረዳለሁ። ሰሚው ግን የሰማው የከተማ ስም ሳይሆን ግስ ነው። ጓደኞቼም ለምደውታል፤ የተሰነጠቀ አስፋልት፣ ውሃ የማይወርድበት ቦኖ ወይ የተቆለፈ ሽንት ቤት ባዩ ቁጥር «ተበላ!» ብለው ስቀው ያልፋሉ።

ቀልዱን እወደዋለሁ። እንደ ፖለቲካ አስተያየት ግን ስንፍና ነው። ግሱን ልብ በሉት፤ በላተኛው የለበትም። ማን በላ? ስንት? ከየትኛው በጀት? «ሁሉም ሌባ ነው» የሚል ነዋሪ ማንንም ባለሥልጣን እንቅልፍ አይነሳም፤ ሌባውንም ንጹሑንም አንድ ላይ ስለሚሰድብ ሌባው ይመቸዋል። እንቅልፍ የሚነሳው «የውሉ ዋጋ ስንት ነበር? እስካሁን ስንት ተከፈለ?» የሚለው ነው።

አንዴ ሞክሬዋለሁ። ከተማውንም መሥሪያ ቤቱንም አልጠራም። ገበያ ዳር የተሠራ የሕዝብ መጸዳጃ ነበር። ሲመረቅ ሪባኑ ሲቆረጥ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። ብዙም ሳይቆይ ውሃ ስላልተሳበለት ተቆለፈ። ስንት እንደፈጀ ልጠይቅ ገባሁ። ጠረጴዛው ጀርባ የነበሩት ሰውዬ በትህትና አስቀመጡኝ።

«ከየት ተልከህ ነው?»

«ከማንም፤ የሰፈሩ ሰው ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ፈለግከው?» አሉና ትንሽ አሰብ አድርገው «ወንድሜ፣ ልማቱን ደግፍ እንጂ» ብለው ሸኙኝ። ተቆጥተው ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይናገራል። አዋጅ 590/2000 ደግሞ በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብትን የሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው። ለጋዜጠኛ ብቻ ወይም ከበላይ ለተላከ ሰው ብቻ አይልም። በተግባርም አልተሞከረም ማለት አይቻልም። ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ ለጋሾች በቀጥታ ለማዕከላዊው በጀት መስጠቱን ትተው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራምን ሲጀምሩ፣ ወረዳዎች በጀታቸውን ተራ ሰው በሚገባው መልክ ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉ ተደርጎ ነበር። እኔ ባየኋቸው ግቢዎች ሰሌዳው አሁንም ቆሟል፤ የተለጠፈበት ግን የስብሰባ ጥሪና የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ ነው። (በጀት ሲለጠፍ የሚያነብ አልነበረም የሚሉኝ አሉ። አንባቢ ጠፋ ተብሎ መጻፍ የሚቆም ቢሆን ይህ መጽሔትም አይኖርም ነበር።)

«ወረዳ ምን ገንዘብ አለውና ነው? አብዛኛው ለደመወዝ ያልቃል» ይባላል። እውነት ነው። ክርክሩ ግን የእኔን ነገር ነው የሚያጠናክረው። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ዞን ብዙ መምህራን ደመወዛቸው ለወራት ዘግይቶባቸው፣ የተቆራረጠ ክፍያም ደርሷቸው ነበር። ማስተማር ያቆሙ ነበሩ፤ ዳቦ በዱቤ የበሉም ነበሩ። እጅ ሲያጥር ደግሞ የትኛው ይቅደም የሚለው ጥያቄ ዋናው ጥያቄ ይሆናል። አሁን የኮሪደር ሥራው ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሶዶ ደርሷል። ኮሪደር አልጠላም፤ ማታ መብራት ባለበት ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ መንሸራሸር ማን ይጠላል? ምናልባትም መልሱ ቀላል ይሆናል፦ ይሄ ከካፒታል በጀት ነው፣ ያኛው ከመደበኛው፣ ሌላው ከሕዝብ መዋጮ። ይሁን፤ መልሱ ይሄ ከሆነ ይጻፍና ይለጠፍ። መዋጮ ያዋጣ ሰው ደረሰኝ ይዟል፣ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ የሚያሳየው ወረቀት ነው የጎደለው።

ቁጥር ለሕዝብ ከባድ ነው የሚለውን ደግሞ ጭራሽ አልቀበልም፤ የሁምቦ ልጅ ነኝና። ከከተማችን አጠገብ የተራቆተው ተራራ፣ ገበሬዎቹ የቀሩትን ጉቶዎች ከከብትና ከመጥረቢያ እየጠበቁ 2,728 ሄክታር መልሰው ደን ያደረጉት ነው። በ7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው፣ ፕሮጀክታቸው በ2009 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ። የዓለም ባንኩ የባዮካርቦን ፈንድም 165,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊገዛቸው ተዋዋለ። ማንም «ለምን ፈለጋችሁት?» አላላቸውም። ዛፉ ተለካ፣ ተመዘገበ፣ ከውጭ የመጣ መርማሪ አረጋገጠው።

እና በዓይን የማይታይ ጋዝ በቶን ቆጥረን ለዋሽንግተን የሸጥን ሰዎች፣ ገበያ ዳር አንዲት ሽንት ቤት ላይ የፈሰሰውን የሲሚንቶ ከረጢት መቁጠር ያቅተናል?

አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። እኔ በዚህኛው ዙር በቃል አልሄድም። ጥያቄውን በሁለት ቅጂ ጽፌዋለሁ፤ አንዱን መዝገብ ቤት አስገባለሁ፣ ሌላውን ማኅተም አስመትቼ ይዤው እወጣለሁ። የውሉ ዋጋ፣ የተከፈለው፣ የቀረው፣ ለውሃ መስመሩና ለጥገናው የተያዘው። ሰውዬው አሁንም እዚያው ወንበር ላይ ካሉ «ከየት ተልከህ ነው?» ማለታቸው አይቀርም።

«ከተበላ» እላቸዋለሁ።